ደጎል በራቸውን የከፈቱላቸው እንግዳ

ይቺን ፎቶ ሳታዩዋት አልቀራችሁም፤ በየጊዜው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ብቅ ትላለች። ቦታው ዋሽንግተን፣ ቀኑ ኖቬምበር 25 ቀን 1963፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ነው። የዓለም መሪዎች በእግራቸው ወደ ካቴድራሉ ይሄዳሉ። ከፊተኛው ረድፍ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደረታቸው በኒሻን ተሞልቶ ይታያሉ። እዚያው አካባቢ ደግሞ የወታደር ልብስና ቆብ ያደረጉ፣ ከሰው ሁሉ ጎልተው የወጡ አንድ ረጅም ሰውዬ አሉ። የእኛ ዓይን ጃንሆይ ላይ ስለሚያርፍ ረጅሙን ሰውዬ ማን ናቸው ብለን እምብዛም አንጠይቅም።

ፒያሳ ያደገ ሰው ግን ሰውየውን ባያውቃቸው እንኳ ስማቸውን አሳምሮ ያውቀዋል። ደጎል አደባባይ ላይ ቆሜ ልጠብቅህ እየተባባለ ስንቱ ተቀጣጥሯል! እንግዲህ ያ ደጎል እኚህ ናቸው፤ የፈረንሳዩ ጄኔራልና ፕሬዚዳንት ሻርል ደጎል።

ስለ ደጎል ብዙ ተብሏል። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ አልጄሪያ፣ ስለ ኑክሌር ቦምባቸው የተጻፈው ለጉድ ነው። ዛሬ እኔ የማወጋችሁ ግን በአንዲት የገጠር ቤታቸው በኩል ነው። ቤቷ ቤተ መንግሥት አይደለችም። የግንብ አጥር፣ የዘበኛ ሰልፍ፣ የወርቅ ወንበር የላትም። ሆኖም አንድ ሌሊት ብቻ ያደረባት አንድ እንግዳ ምክንያት ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ የተፋጁ ሁለት አገሮች የተቀራረቡባት ቤት ናት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጬዋለሁ፤ እንዳትደናገሩ።)

ደጎል የተወለዱት በ1890 በሰሜን ፈረንሳይ ሊል በምትባል ከተማ ነው። አባታቸው መምህር ነበሩ። ልጁ ከሃያ ዓመታት በፊት ፈረንሳይ በጀርመን የደረሰባትን ሽንፈት እየሰማ አደገ። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ልጅ ጀርመንን ጠላት ነው ብሎ ለማመን ማስረጃ አይፈልግም ነበር፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። ደጎልም ወታደር ሆኑ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲጀመር ወዲያው ቆሰሉ፤ ድነው ተመለሱና እንደገና ቆሰሉ። በማርች 1916 ቬርደን ላይ ተማረኩ። ሠላሳ ሁለት ወር በጀርመን እስር ቤቶች ቆዩ። አምስት ጊዜ ለማምለጥ ሞክረው አምስቱም ከሸፈባቸው። እስቲ አስቡት፣ ቁመታቸው ወደ 1 ሜትር ከ96 የሚጠጋ ሰው የት ይደበቃል?

ከእስሩ ግን አንድ ነገር ይዘው ወጡ፦ ቋንቋውን። በትምህርት ቤት የጀመሩት ጀርመንኛ እዚያ በረታላቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በ1921 የካሌዋን ኢቮንን አገቡ። ኢቮን ዝምተኛ፣ ሃይማኖተኛ፣ ቤታቸውን የሚወዱ ሴት ናቸው። በኋላ ዘመን ፈረንሳዮች አክስት ኢቮን ይሏቸው ነበር፤ እኛ ብንሆን ኖሮ እትዬ ኢቮን እንላቸው ነበር መሰለኝ። ሦስት ልጆች ወለዱ። የመጨረሻዋ አን በጃንዋሪ 1 ቀን 1928 ተወለደች። የተወለደችው ደግሞ ጀርመን አገር፣ ትሪየር ከተማ ነው፤ አባቷ በዚያ የሰፈረ የፈረንሳይ ሻለቃ ጦር አዛዥ ስለነበሩ።

አን ዳውን ሲንድረም ነበረባት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ባለሥልጣን ቤተሰብ ምን ያደርግ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ወይ ራቅ ያለ ተቋም ውስጥ ያስገባል፣ ወይ ጓዳ ይደብቃል። እኛም ሰፈር እስከ ዛሬ ያልጠፋ ነገር ነው፤ ፈረንጅ ላይ ብቻ አንፍረድ። ደጎልና ኢቮን ግን ልጃቸውን ከራሳቸው ላለመለየት ወሰኑ። ያ ሰው የሚፈራቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር እንኳ የማይቀልዱት ጄኔራል አን ፊት ሲሆኑ ሌላ ሰው ነበሩ። ይዘፍኑላታል፣ ይጨፍሩላታል፣ ወታደራዊ ቆባቸውን አውልቀው መጫወቻ ይሰጧታል።

ቤቷ የተገዛችው በ1934 ነው። ኮሎምቤ ሌ ዶዜግሊዝ በምትባል ትንሽ የምሥራቅ ፈረንሳይ መንደር ውስጥ ነው ያለችው፤ ስሟ ባለ ሁለት ቤተ ክርስቲያኗ ኮሎምቤ እንደማለት ነው። ቤቷ ላ ቧስሪ ትባላለች። ቦታውን የመረጡት ከፓሪስም፣ በምሥራቅ ድንበር ካሉት የጦር ሰፈሮችም መካከል ላይ ስለሆነ ነው። ዋናው ምክንያት ግን አን ነበረች። ሰው የማያፈጥባት፣ የአትክልት ቦታ ላይ እንደልቧ የምትሆንበት ሰላማዊ ሥፍራ ያስፈልጋት ነበር። ሲገዟት ምቾት የሚባል ነገር አልነበራትም፤ ክረምቱም በዚያ አካባቢ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የገዟት ሰው ደግሞ ገና ጄኔራል እንኳ አልሆኑም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ልሩጥበት። በሜይ 1940 ጀርመን ፈረንሳይን ወረረች፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነገሩ አለቀ። ደጎል ለአሥር ቀናት ያህል ምክትል ሚኒስትር ሆነው ቆዩና መንግሥታቸው እጁን ሊሰጥ ሲል በጁን 17 በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ወደ ለንደን በረሩ። በማግስቱ በቢቢሲ ሬዲዮ ትግሉ እንዳላበቃ ለሕዝባቸው ተናገሩ። አገር ቤት የቀረው መንግሥት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። ኢቮንም ልጆቹንና አንን ይዘው በመርከብ እንግሊዝ ገቡ። ደጎል ገንዘብ የላቸው፣ ጦር የላቸው፣ አገር የላቸው፤ ያላቸው ረጅም ቁመትና ትልቅ ኩራት ብቻ ነበር። ከተከተሏቸው ጥቂት ወታደሮች የተወሰኑት በ1941 ለእኛ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ከረንና ምጽዋ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ጣሊያንን ወግተዋል።

ያኔ ነው እንግዲህ ደጎል የቤት ዲፕሎማሲ ምን እንደሚመስል በእንግድነት ያዩት። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ቼከርስ የሚባል ከለንደን ወጣ ያለ የገጠር ቤት አላቸው። አንድ ባለጸጋ ለመንግሥት በስጦታ የሰጡት ነው። ቸርችል ቅዳሜና እሑድ ሰው የሚያስተናግዱት እዚያ ነበር፤ ደጎልም በ1940 በጋ ተጋብዘው ሄደዋል። ቢሮ ውስጥ ሲሆን ሁለቱ ሰዎች እንደ ድመትና አይጥ ነበሩ። እራት ላይ ግን ሰው ከአስተርጓሚና ከፋይል ይላቀቃል፤ ሌላውን ሰው እንደ ሰው ያየዋል።

የቤት ዲፕሎማሲ ክፉ ጎንም አለው፤ እሱንም ቀምሰውታል። በጃንዋሪ 1943 ሩዝቬልትና ቸርችል ካዛብላንካ ላይ፣ አንፋ በሚባል ሰፈር ባሉ ቪላዎች ውስጥ ተሰበሰቡ። ደጎል ተጠርተው አልሄድም አሉ፤ ቸርችል ድጋፌን አነሳለሁ ብለው ካስፈራሯቸው በኋላ እየተነጫነጩ ሄዱ። ሲደርሱ ምን ያያሉ? ቪላዎቹ በአሜሪካ ሽቦ ታጥረዋል፤ ጠባቂዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው። ፈረንሳይ በምታስተዳድረው ምድር ላይ የፈረንሳዩ ሰውዬ እንግዳ ሆነው አረፉት! ነገሩን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልረሱትም። በመጨረሻም ከተቀናቃኛቸው ከጄኔራል ዢሮ ጋር ለጋዜጠኞች ካሜራ ሲባል እንዲጨባበጡ ተደረጉ። ፎቶውን ጎግል አድርጉና ፊታቸውን እዩት። ዛሬ ለፖስት ብቻ የሚነሱ ፎቶዎች ሲያጋጥሙኝ ይቺ ትዝ ትለኛለች።

ጦርነቱ ሲያልቅ ላ ቧስሪም ጉዳት ደርሶባት ተገኘች። ጀርመኖች ገብተውባት ነበር፤ ዕቃዋ ተዘርፏል፤ ቤቷም በከፊል ተቃጥላለች። ደጎል በጃንዋሪ 1946 ከፓርቲዎች ጋር አልስማማ ብለው ሥልጣን ለቀቁና ቤቷ ስትጠገን ወደዚያው ገቡ። በጥገናው ጊዜ አንድ ማማ ተጨመረላት፤ የሥራ ክፍላቸው በማማዋ ሥር ነው። በመስኮቱ በኩል የሚታየው ሜዳና ደን ብቻ ነው። የጦርነት ትዝታቸውን የጻፉት እዚያ ተቀምጠው ነው።

አን በፌብሩዋሪ 1948 በሳንባ በሽታ አረፈች። ሃያ ዓመቷ ነበር። መንደሯ መካነ መቃብር ውስጥ ቀበሯት። ሲመለሱ ደጎል፣ ልጃቸው ከእንግዲህ ከሌሎች ልጆች እንደማትለይ ለኢቮን እንደነገሯቸው ይተረካል። አስቀድመው በስሟ እንደ እሷ ላሉ፣ አቅም ለሌላቸው ልጆች የሚሆን ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ ከመጽሐፋቸው የተገኘው ገቢም ለዚያው ሆኗል። ቤቷን በተመለከተ ግን ከዚህ በኋላ በሩ ይበልጥ ጠበቀ። ቤተሰብና ጥቂት የቅርብ ሰዎች ካልሆኑ በቀር ማንም አይገባም። ፖለቲከኞቹ ቢመጡም ምሳ ሳይሆን ትእዛዝ ይዘው ይመለሳሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሜይ 1958 የአልጄሪያ ጦርነት ፈረንሳይን ወደ መፈንቅለ መንግሥት አፋፍ አደረሳት። ሁሉም ወደዚያች መንደር ዞረ። ደጎል በጁን 1 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ።

አሁን ወደ እንግዳው እንምጣ።

ኮንራድ አዴናወር የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ነበሩ። ዕድሜያቸው 82፤ ከደጎል በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣሉ። የኮሎኝ ከንቲባ ሳሉ በ1933 ናዚዎች ከሥልጣን አባረዋቸዋል፤ ሁለት ጊዜም አስረዋቸዋል። ስለዚህ የሂትለር ሰው አልነበሩም። ይሁንና ጀርመናዊ ናቸው፤ ደጎል ሲመለሱ ሲሰሙም ደነገጡ። ቢደነግጡም አይፈረድባቸውም። ደጎል ጦርነቱ እንዳለቀ ጀርመን ዳግም አንድ ጠንካራ መንግሥት እንዳትሆን፣ የራይን ወንዝ አካባቢ ከእሷ እንዲለይ ይወተውቱ ነበር። በ1954ም የአውሮፓ የጋራ ጦር ሐሳብ እንዳይሳካ ደጋፊዎቻቸው ታግለዋል። አዴናወር ደግሞ የሕይወት ዘመናቸውን ሥራ ከፈረንሳይ ጋር ዕርቅ ማውረድ አድርገውታል። እኚህ ሰውዬ ያፈርሱብኝ ይሆን? ይህ ነበር ጭንቀታቸው። ፓሪስ ሄጄ ቤተ መንግሥት ደጅ አልጠናም ብለው ለወራት ሲያመነቱ ቆዩ።

ደጎል ምን አደረጉ? ወደ ፓሪስ አልጠሯቸውም። ወደ ኮሎምቤ፣ ወደ ራሳቸው ቤት ጋበዟቸው፤ አድረው እንዲሄዱ።

ይህን በእኛ ዓይን ነው መረዳት የሚሻለው። ሆቴል መጋበዝና ቤት ማስገባት አንድ አይደለም። ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች ሲታረቁ ሽማግሌው የመጨረሻ ላይ የሚጠይቀው ምንድን ነው? አንዱ በሌላው ቤት ማዕድ ይቆረስ ነው የሚለው። ፊርማውና መሐላው ምን ቢያምር፣ ጠላቱ ቤት ገብቶ ያልበላ ሰው ታርቋል አይባልም። ደጎል የእኛን ባህል ያውቃሉ እያልኩ አይደለም፤ ግን ያደረጉት ይህንኑ ነው።

አዴናወር ድንበር ላይ ካለችው ባደን ባደን ተነስተው በመኪና መጡ። እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1958። መንደሯ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ከጀርባው የጀርመን ሰንደቅ ዓላማ ያለው መኪና ጀርመኖች በከፊል ወዳቃጠሏት ቤት አትክልት ቦታ ሲገባ አስቡት። ኢቮን ቤታቸውን እንደ ወትሮው አሰናድተው ነበር የጠበቁት። የቤተ መንግሥት ግብዣ የለም። የቤተሰብ ምግብ፣ የቤተሰብ ጠረጴዛ፣ ማታ ላይ የቤተሰብ እሳት ምድጃ። ማደሪያውም ቀላል የእንግዳ ክፍል ነው።

ሁለቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ብቻቸውን ለሰዓታት አወሩ። የደጎል የእስር ቤት ጀርመንኛ ያኔ ነው የጠቀመው፤ አስተርጓሚ ቢኖርም እንግዳቸው የሚሉትን በቀጥታ ይከተሉ ነበር። ወሬው ግን የሻይ ወሬ ብቻ አልነበረም። ደጎል የፈለጉትን ፊት ለፊት አስቀመጡ፦ ጀርመን ከጦርነቱ በኋላ የተሰመረውን ድንበር ትቀበል፤ የኑክሌር መሣሪያ አይኖራት፤ የሁለቱን ጀርመኖች አንድነት በትዕግሥት ትጠብቅ። በምላሹ ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር አዲስ ግንኙነት ትጀምራለች፤ የአውሮፓ የጋራ ገበያንም አታፈርስም። አዴናወር ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ፈረሙ ማለት አይደለም። ነገር ግን በማግስቱ ሲወጡ የፈሯቸውን ሰውዬ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳገኙ በግልጽ ተናግረዋል። የዘመናት ጠላትነት ማብቃቱን የሚገልጽ የጋራ መግለጫም ወጣ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ በደስታ ኖሩ ብለን እንጨርሰው ነበር። አይደለም። አዴናወር በሄዱ በሁለተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 17፣ ደጎል ለአሜሪካና ለእንግሊዝ መሪዎች አንድ ሚስጥራዊ ማስታወሻ ላኩ። ኔቶን አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሦስት ሆነው ይምሩት የሚል ነው። ጀርመን የለችበትም። በዚያ ምድጃ አጠገብም ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሱም! አዴናወር ወሬው ሲደርሳቸው ተናደዱ፤ እንደተከዱ ተሰማቸው። የሚገርመኝ ግንኙነቱ ይህን ተሻግሮ መቀጠሉ ነው። ያች ቤት ውስጥ የተገነባው ነገር ባይኖር ኖሮ ያች ማስታወሻ ብቻ ሁሉን ነገር ታበላሸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሌሎች ደግሞ ደጎል አዴናወርን አታለሏቸው ይላሉ። ሁለቱም አብሮ እውነት ሊሆን ይችላል።

አዴናወር በላ ቧስሪ የተስተናገዱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው የውጭ አገር መሪ ናቸው። ደጎል ከ1959 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው አይዘንሃወርን፣ ክሩስቾቭን፣ ኬኔዲን አስተናግደዋል። ከእነሱ ውስጥ አንድም ኮሎምቤ አልገባም። ለሌላው እንግዳ ከፓሪስ ወጣ ያለ ራምቡዬ የሚባል የመንግሥት የአደን ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ልዩነቱ ይታያችኋል? ራምቡዬ ዕቃው የመንግሥት ነው፤ ኮሎምቤ የአን ቤት ነው።

ይህን ልዩነት በደንብ የቀመሱት የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ናቸው። እንግሊዝ በ1961 ወደ አውሮፓ የጋራ ገበያ ለመግባት አመለከተች፤ ቁልፉ ያለው ደጎል እጅ ነው። ማክሚላንም ብልህ ነገር አሰቡ፤ ደጎልን በኖቬምበር 1961 በርች ግሮቭ ወደሚባል የራሳቸው የገጠር ቤት ጋበዟቸው። በጦርነቱ ጊዜ አልጀርስ ውስጥ ይተዋወቁ ነበርና የድሮ ወዳጅነት ይረዳኛል ብለው ነው። ግን ያኔ ደጎልን የሚገድሉ ሰዎች በየቦታው ያደፍጡ ነበር። ስለዚህ ፖሊሱ፣ ውሻው፣ ጋዜጠኛው ግቢውን ሞላው። ከሁሉ የሚያስቀው የደሙ ነገር ነው። ድንገት ቢቆስሉ ተብሎ ለደጎል የሚሆን ደም አብሮ መጥቶ ነበር፤ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የማክሚላን ምግብ አብሳይ ግን ፍሪጄ በአሳ ሞልቷል፣ አላስገባም ብላ ድርቅ አለች! የሁለት ኃያላን ስብሰባ በአሳ ምክንያት ሊደናቀፍ ነው። በመጨረሻ ሌላ ፍሪጅ ተፈልጎ ነገሩ በረደ። ደጎል ግን ያመጣቸውን ጉዳይ በተመለከተ አንዲት እርምጃ አልተንቀሳቀሱም።

በዲሴምበር 1962 ማክሚላን በተራቸው ራምቡዬ ሄዱ። የወፍ አደን ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ ማክሚላን በዚህ ጎበዝ ናቸው፣ ደጎል ደግሞ አይተኩሱም፤ መጨረሻ ላይ መጥተው ከኋላ ቆመው ያያሉ። በማግስቱ ውይይቱ ላይ መልሱ በግልጽ ተነገራቸው፦ እንግሊዝ ለመግባት አልበሰለችም። ማክሚላን ተሰብረው ተመለሱ። በጃንዋሪ 14 ቀን 1963 ደጎል በጋዜጠኞች ፊት በሩን በይፋ ዘጉ። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 22፣ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከአዴናወር ጋር የፈረንሳይና የጀርመንን የወዳጅነት ውል ፈረሙና ተቃቀፉ። ቤት መጥራት ብቻውን ተአምር አይሠራም ማለት ነው፤ የማክሚላንም ቤት ያማረ ነበር። ማን ማንን ጠራ፣ ምን አስቦ ጠራ የሚለው ነው ጉዳዩ።

በመሃል፣ በሴፕቴምበር 1962 ደጎል ጀርመንን ሲጎበኙ አደባባይ ላይ በቃላቸው በጀርመንኛ ንግግር አደረጉ፤ ወጣቶቹን በተለይ። ሕዝቡ አበደ። እስረኛ ሆነው የተማሩትን ቋንቋ ነው እንግዲህ። ውሉም የወጣቶች ልውውጥ እንዲጀመር አደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ሚሊዮኖች የሁለቱ አገር ልጆች አንዱ በሌላው አገር ተመላልሰዋል።

ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ግን ሊበላቸው ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሁልጊዜ ኮሎምቤ ስለሚሄዱ ጠላቶቻቸው የት እንደሚያገኟቸው ያውቃሉ። በሴፕቴምበር 1961 ወደዚያው በመኪና ሲሄዱ መንገድ ዳር ቦምብ ተጠምዶ ጠበቃቸው፤ ዋናው ፈንጂ ሳይፈነዳ ቀረ፣ እሳቱ ብቻ ነደደ፣ ሹፌሩም በእሳቱ መሃል ነድቶ አለፈ። በኦገስት 22 ቀን 1962 ደግሞ ፕቲ ክላማር በተባለ ቦታ፣ ወደ ኮሎምቤ የሚወስዳቸውን አውሮፕላን ለመያዝ ሲሄዱ፣ ሲትሮኤን መኪናቸው ላይ ጥይት ዘነበበት። አሥራ አራት ጥይት መኪናውን መታ። ደጎልም ኢቮንም አንድም አልነካቸውም። ከመኪናዋ ኋላ ለማግስቱ የእንግዳ ምሳ የተገዙ ዶሮዎች ነበሩ፤ ኢቮን ወርደው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዶሮዎቹ ደኅንነት ነው ይባላል። ችግሩ በፈረንሳይ የአራዳ ቋንቋ ዶሮ ማለት ፖሊስ ማለትም ነው፤ አጃቢዎቹ ስለ እኛ ተጨነቁ ብለው ልባቸው ተነካ። እትዬ ኢቮን ግን ያሰቡት ስለ ምሳው ነበር።

እኛ ዘንድ የመጡት በኦገስት 1966 ነው። መጀመሪያ ጅቡቲ ገቡ፤ ሕዝቡ ነፃነት የሚል ጽሑፍ ይዞ ተቃውሞ ተቀበላቸው። ከዚያ አዲስ አበባ ሲደርሱ ጃንሆይ በክብር አስተናገዷቸው። ሁለቱም አገራቸው ተወርሮ በስደት እንግሊዝ የኖሩ፣ ሁለቱም ለብቻቸው የጮሁ ሰዎች ናቸው። ጃንሆይ ባዝ ከተማ ውስጥ በአንዲት ቪላ ዓመታትን እንዳሳለፉ ታውቁ የለ? በዚያ በኩል ሳያቸው፣ በኬኔዲ ቀብር ላይ ጎን ለጎን መራመዳቸው እንዲሁ የፕሮቶኮል ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

በሜይ 1968 ፓሪስ በተማሪና በሠራተኛ አመፅ ስትናጥ ደጎል ወደ ኮሎምቤ ልሂድ ብለው ወጡና ለሰዓታት ጠፉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንኳ የት እንዳሉ አላወቁም። ለካ በሄሊኮፕተር ባደን ባደን፣ እዚያ ጀርመን ወዳለው የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ሄደዋል። ማታ ኮሎምቤ አድረው በማግስቱ ፓሪስ ገቡና ሁኔታውን ገለበጡት። በኤፕሪል 1969 ግን በሕዝበ ውሳኔ ተሸነፉ። ውጤቱ በታወቀበት ሌሊት ሥልጣን መልቀቃቸውን የሚገልጽ ሁለት መስመር መግለጫ ከኮሎምቤ ወጣ፤ በቃ። ወደ ፓሪስ ዕቃቸውን ለመውሰድ እንኳ አልተመለሱም።

በኖቬምበር 9 ቀን 1970 ማታ፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ብቻቸውን ካርታ ይጫወቱ ነበር። ድንገት ጀርባቸውን አመማቸው፤ ትልቁ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ኑዛዜያቸው ከ1952 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። የመንግሥት ቀብር አይደረግልኝ፤ ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትር፣ ባንድ፣ ንግግር አይኑር፤ ኮሎምቤ፣ ልጄ አን አጠገብ ቅበሩኝ፤ ድንጋዩ ላይ ስሜና ዓመቴ ብቻ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ያለው ነው። ስለዚህ በኖቬምበር 12 ሁለት ነገር ሆነ። ፓሪስ ውስጥ ኖትር ዳም ካቴድራል የዓለም መሪዎች ተሰበሰቡ፤ ኒክሰን አሉ፣ ጃንሆይም ሄደው ነበር። አስከሬኑ ግን እዚያ የለም። አስከሬኑ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የመንደር አናጺ በሠራው ሳጥን ውስጥ ሆኖ፣ በጦር ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ ወደ ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ያጀቡት ቤተሰቡ፣ የጦርነት ጓዶቻቸውና የኮሎምቤ ገበሬዎች ናቸው።

ኢቮን በ1979 ተከተሏቸው። ሦስቱም አሁን አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ከቤቷ እስከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።